ደብረ ማርቆስ ላይ ሁልጊዜ 46472 የሚያወጣ የሲ ፕሮግራም

የጮቄ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ የምማር የሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። አባቴ የሚያገለግልበት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የጤፍ ርክክቡን እስካሁን በወረቀት መዝገብ ስለሚይዝ፣ ከየከተማው የገባውን ኩንታል መዝግቦ የሚደምር ትንሽ ፕሮግራም በሲ ልጽፍለት ጀመርኩ። አንዱ መዝገብ አንድ ስትራክት (የተለያዩ መረጃዎችን በአንድነት የሚይዝ ጥቅል) ሲሆን በውስጡ በመጀመሪያ «ቻር ስም[20]»፣ ቀጥሎ «ኢንት ኩንታል» አለ። ለ12 ከተሞች የሚሆን የሜሞሪ ቦታ በማሎክ እወስዳለሁ። የወረቀቱ መዝገብ ቁጥሩን ስለሚያስቀድም እኔም መጀመሪያ ኩንታሉን እቀበላለሁ፤ ከዚያም ስሙን በኤፍጌትስ 100 ባይት ወደሚይዝ መስመር አንብቤ፣ የመስመር መጨረሻ ምልክቱን አጥፍቼ፣ በስትርኮፒ ወደ ስትራክቱ እገለብጠዋለሁ።

ቡሬ፣ ሞጣ፣ ደንበጫ እና ፍኖተ ሰላም በትክክል ይሠራሉ። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን 812 ብዬ አስገብቼ ሳትመው 46472 ይለኛል። 5 ብዬ ባስገባም፣ 3000 ብዬ ባስገባም መልሱ ያው 46472 ነው። የመጨረሻዋ መርጡለ ማርያም ደግሞ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር፣ -1998476405 ታወጣለች። በዚህ ላይ ድምሩን የሚሠራው ፈንክሽን ምንም ባስገባ 0 ይመልሳል። ፕሮግራሙ አንድም ጊዜ ተቋርጦ አያውቅም፤ እስከ መጨረሻው ሠርቶ በሰላም ይወጣል። ሁለት ሌሊት ሙሉ ኮዱን መስመር በመስመር አነበብኩት፤ ቁጥሩን የምነካበት ሌላ ቦታ የለም። የምታውቁ ብትረዱኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዳሞት

እህቴ፣ እኔም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ ነበር። ቅደም ተከተሉን ቀይሪው፤ መጀመሪያ ስሙን፣ ከዚያ ኩንታሉን አስገቢ። የእኔ በዚህ ተስተካክሏል።

የጮቄ ልጅ

ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። እንዳልከው አድርጌ ቁጥሩ እውነትም 812 ሆኖ ወጣ። አሁን ግን ስሙ ተበላሸ። «ደብረ ማርቆ» ይልና ከእሱ በኋላ የተሰበረ ፊደል ምልክት፣ ከዚያም ነጠላ ሰረዝ የመሰለ የፈረንጅ ኮማ ያትማል። ኮማ በኮዴ ውስጥ በየትኛውም ስም ላይ አላስገባሁም። ድምሩም አሁንም 0 ነው።

ብር ሸለቆ

ለማኅበሩ ሥራ ከሆነ በፓይተን ብትጽፊው ይህ ሁሉ ጣጣ አይደርስብሽም ነበር። ሲ ለእንዲህ ያለ ሥራ ጊዜ ይፈጃል።

ሰከላ

ለብር ሸለቆ፦ ሐሳብዎ ለማኅበሩ ሥራ የሚያዋጣ ሐሳብ ነው፤ እኔም ብሆን ለመዝገብ አያያዝ ሲን አልመርጥም። ነገር ግን ልጅቷ የገጠማት ነገር በሚገባ ሊታይ የሚገባው ነው፤ ሰፊው ሕዝብ የሚጠቀምበት የፓይተን አስፈጻሚ ራሱ የተጻፈው በሲ ነውና ከሥር ያለውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

እታለም፣ ለብዙ ዓመታት ይህንን ትምህርት ሳስተምር እንዳንቺ ጥያቄውን አጥርቶ የጻፈ ተማሪ እምብዛም አልገጠመኝም። «ሁልጊዜ 46472 ነው» ማለትሽ ብቻውን ግማሹን መልስ ይዟል። ስህተቱ በዘፈቀደ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ይለዋወጥ ነበር፤ የማይለዋወጥ ከሆነ ከማይለዋወጥ ነገር የመጣ ነው፤ በእጅሽ ያለው የማይለዋወጥ ነገር ደግሞ ስሙ ነው። ስለዚህ ስሙን አብረን እንቁጠረው።

የእኛ ፊደል በኮምፒውተር የሚቀመጠው ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ ነው። ይህ አጻጻፍ በ1992 እ.ኤ.አ. የተቀረጸ ሲሆን የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የቁጥር ሠንጠረዥ) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይበቃዋል፤ እያንዳንዱ የእኛ ፊደል ግን ሦስት ባይት ይወስዳል። በሲ ቋንቋ «ቻር» ማለት ፊደል ማለት አይደለም፤ አንድ ባይት ማለት ነው። «ቻር ስም[20]» ስትዪ ሃያ ፊደል ሳይሆን ሃያ ባይት ነው የጠየቅሽው፤ ከዚያም ላይ አንዱ የስትሪንግ መጨረሻ ለሚያመለክተው ዜሮ ይሄዳል።

ቡሬ ሁለት ፊደል ነው፤ ስድስት ባይት ከዜሮው ጋር ሰባት። ደንበጫ አሥራ ሦስት። ፍኖተ ሰላም ስድስት ፊደል፣ አሥራ ስምንት ባይት፤ ክፍተቱ አንድ፤ ዜሮው አንድ፤ ድምሩ ልክ ሃያ። አንዲት ባይት ሳትተርፍ፣ አንዲት ባይት ሳትጎድል ገብታለች፤ ለዚህ ነው «ይሠራል» ያልሽው። ደብረ ማርቆስ ሰባት ፊደል ነው፤ ሃያ አንድ ባይት፣ ክፍተት አንድ፣ ዜሮ አንድ፤ ሃያ ሦስት ሆነ። ሦስቱ ባይቶች ወዴት ይሂዱ? ስትርኮፒ የመድረሻውን ስፋት አያውቅም፤ ዜሮ እስኪያገኝ ድረስ ይገለብጣል። ከስሙ ቀጥሎ በሜሞሪ ላይ ያለው ደግሞ «ኩንታል» ነው።

አሁን ባይቶቹን ከዜሮ ጀምረሽ ቁጠሪ። «ደብረ ማርቆ» እና ክፍተቱ ከ0 እስከ 18 ያሉትን ይይዛሉ። የመጨረሻዋ «ስ» በ19፣ በ20 እና በ21 ላይ ታርፋለች። «ስ» በባይት ስትጻፍ 225፣ 136፣ 181 ናት። 225ቷ በስሙ ውስጥ ቀረች፤ 136 እና 181 ድንበሩን ተሻግረው ኩንታሉ ውስጥ ገቡ፤ ተከትሏቸው ዜሮው ገባ። በእኛ ኮምፒውተሮች ዝቅተኛው ባይት ስለሚቀድም ቁጥሩ 136 ሲደመር 181 በ256 ተባዝቶ ነው። 181 ጊዜ 256 46336 ነው፤ 136 ጨምሪበት፤ 46472። አምስት ብትዪም ሦስት ሺህ ብትዪም መልሱ የማይለወጠው፣ የምታትሚው ኩንታል ሳይሆን የ«ስ»ን ጅራት ስለሆነ ነው።

መርጡለ ማርያም ሃያ ስድስት ባይት ናት። እዚያ የ«ያ» ሁለት ባይቶች 139 እና 171፣ የ«ም» ሁለት ባይቶች 225 እና 136 ኩንታሉን ሙሉ በሙሉ ሞሉት፤ የመጨረሻው ባይት ከ127 በላይ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ከዜሮ በታች አድርጎ ያነበዋል። የተረፉት ሁለት ባይቶችም ከስትራክቱ ከራሱ ወጥተው ሄደዋል፤ እዚህ ላይ እንመለስበታለን።

የወንድማችን የዳሞት ምክር በቅንነት የተሰጠ ነው፤ ያደረገው ግን ጉዳቱን ከአንዱ ጎረቤት ወደ ሌላው ማዞር ነው። ኩንታሉን በኋላ ስታስገቢ፣ ድንበር ገፍቶ የገባውን የ«ስ»ን ጅራት ቁጥሩ ጻፈበት። ስሙ ሲታተም ግን አታሚው ዜሮ ስለማያገኝ ሃያኛውን ባይት አልፎ ወደ ኩንታሉ ይገባል። 812 በባይት 44 እና 3 ነው፤ 44 አስኪ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፊደላት የቁጥር ሠንጠረዥ ኮማ ነው። ያላስገባሽው ኮማ የመጣው ከጤፉ ነው። በቅደም ተከተል ለውጥ «የተስተካከለ» የሜሞሪ ስህተት ሁሉ እንዲህ ነው፤ ገበሬ ድንበር ሲገፋ በመስከረም ሳይታይ በኅዳር አጨዳ ላይ ጠብ እንደሚያስነሳ፣ ይህም ስህተት የሚታየው ከተሠራበት ቦታና ጊዜ ርቆ ነው።

ዳሞት

መምህር፣ በጣም አመሰግናለሁ። መልስዎን አንብቤ የራሴን የድሮ ፕሮግራም ከፈትኩት፤ እውነትም ረዣዥም ስሞች መጨረሻቸው ተበላሽቶ ተቀምጧል። እስከ ዛሬ የተርሚናሉ ችግር ይመስለኝ ነበር። እህቴ፣ ለሰጠሁሽ ምክር ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የጮቄ ልጅ

ምንም አይደል ወንድሜ፤ ያ ኮማ ባይወጣ ኖሮ መምህር ይህን ሁሉ አያብራሩልንም ነበር። መምህር፣ የ«ስ»ን ባይቶች በወረቀት አስልቼ 46472 ሲወጣ እጄ ተንቀጠቀጠ። አሁን ድምሩ ለምን 0 እንደሚሆን ልጠይቅዎ። ፈንክሽኑ «ስትራክት መዝገብ ዝርዝር[12]» ብሎ ይቀበላል፤ ብዛቱን የማገኘው ስፋትን በባይት በሚሰጠው በሳይዝኦፍ፣ ሳይዝኦፍ(ዝርዝር)ን ለሳይዝኦፍ(ዝርዝር[0]) በማካፈል ነው። ከመማሪያ ጽሑፍ ላይ የወሰድኩት ስሌት ነው፤ በሌላ ልምምድ ላይ በትክክል ሠርቶልኛል።

ሰከላ

ስሌቱ በሠራበት ልምምድ ላይ አሬዩ (ተከታታይ አባላት የያዘው ዝርዝር) የታወጀው እዚያው ፈንክሽን ውስጥ እንደነበር እገምታለሁ። ልዩነቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አሬይ ማለት ማሳው ራሱ ነው። ፖይንተር ማለት ማሳው የሚጀምርበትን ቦታ የሚያመለክት ጣት ነው። ማሳውን ከለካሽ ስፋቱን ታገኛለሽ፤ ጣትሽን ከለካሽ የምታገኚው የጣትሽን ርዝመት ነው፤ የተጠቆመው ማሳ ጥማድም ይሁን ጋሻ መሬት ጣቱ ያው ነው። በ64 ቢት ኮምፒውተር ላይ የዚህ ጣት ርዝመት 8 ባይት ነው። በሲ አሬይን ለፈንክሽን መስጠት አይቻልም፤ ስታስተላልፊው የመጀመሪያው አባል አድራሻ ብቻ ይሄዳል። በቅንፍ ውስጥ የጻፍሽውን 12 ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚለውጠው) ለመጠን አይጠቀምበትም። የአንቺ ስትራክት 20 ሲደመር 4፣ 24 ባይት ነው፤ 8 ለ24 በሙሉ ቁጥር ሲካፈል 0 ነው፤ ስለዚህ ዑደቱ አንድም ጊዜ አልዞረም። የኢንት አሬይ ቢሆን ኖሮ 8 ለ4 ሁለት ይሆንና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ብቻ ይደምርልሽ ነበር፤ ያኛው ይበልጥ ይከፋል፤ ምክንያቱም ትክክል የሚመስል ሐሰት ያወጣል።

ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር በዚህ መስመር ላይ ማስጠንቀቂያ ሳይጽፍልሽ አልቀረም፤ ተመልሰሽ እይው።

ለምን እንዲህ ተሠራ የሚለውን መናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱ ከአንቺው ስትራክት ጋር ይገናኛል። ከሲ በፊት በነበረው ቢ በተባለው ቋንቋ አሬይ ሲታወጅ ሁለት ነገር ይፈጠር ነበር፤ ቦታው ራሱና የቦታውን አድራሻ የሚይዝ አንድ ሌላ ክፍል። ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብራቶሪ ሲን ሲቀርጽ ስትራክት አስፈለገው፤ በዚያ ዘመን የዩኒክስ የማኅደር መዝገብ አንድ ቁጥርና 14 ባይት ስም ጎን ለጎን የያዘ ነበርና፣ ስትራክቱ በዲስክ ላይ ካለው አቀማመጥ ጋር ባይት በባይት እንዲገጥም ፈለገ። በስሙ ቦታ ላይ አድራሻ የሚይዝ ክፍል ቢገባ አቀማመጡ ይፈርሳል። ስለዚህ ያንን ክፍል አስወገደውና አሬይ በስሌት ውስጥ ሲጠራ ያን ጊዜ ብቻ ወደ አድራሻ እንዲለወጥ አደረገ። በዚህም ስምሽና ኩንታልሽ ያለ ምንም አጥር ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ በዚህም አሬይ ወደ ፈንክሽን ሲሄድ ስፋቱን ጥሎ ይሄዳል። ሁለቱም ችግሮችሽ ከአንድ ውሳኔ የመጡ ናቸው። እኔ ውሳኔውን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ነገር ግን ስፋቱን የመያዝ ግዴታውን በፕሮግራም ጸሐፊው ትከሻ ላይ ጥሎታል። ፖይንተር የሚቀበል ፈንክሽን ሁሉ ብዛቱንም አብሮ ይቀበል።

የጮቄ ልጅ

ማስጠንቀቂያው እውነትም ነበር፤ ፕሮግራሙ እስከሠራ ድረስ ምን ቸገረኝ ብዬ አልፌው ነበር። ብዛቱን ሁለተኛ መቀበያ አድርጌ ጨመርኩና ድምሩ መሥራት ጀመረ፤ በእርግጥ 46472ቱን ጨምሮ ነው የሚደምረው።

ጣና ዳር

ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። መምህር በእጅ የቆጠሩትን መሣሪያ በደቂቃ ይነግርሻል። የሜሞሪ ስህተት በሚይዘው በአድረስ ሳኒታይዘር ኮምፓይል አድርጊው፤ ጂሲሲ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይዞታል፤ የተለየ ነገር መጫን አያስፈልግሽም። ካልሆነም ተመሳሳይ መሣሪያ የሆነውን ቫልግሪንድን ተጠቀሚ። የ«ሰረዝ ጂ» ምልክቱን አትርሺ፤ ያለ እሱ የመስመር ቁጥር አይሰጥሽም።

የጮቄ ልጅ

ሁለቱንም ሞከርኩ፤ የገረመኝን ልጻፍ። ደብረ ማርቆስን በአምስተኛ ተራ አስገብቼ ሳስኬደው አድረስ ሳኒታይዘርም ሆነ ቫልግሪንድ ምንም አላሉም፤ 46472 ግን ታተመ። መርጡለ ማርያምን በአሥራ ሁለተኛው ተራ ሳስገባ ቫልግሪንድ ስትርኮፒ ላይ ልክ ያልሆነ ጽሑፍ እንዳለ ገለጸና ቦታው ከ288 ባይት ጥቅል መጨረሻ 0 ባይት አልፎ ነው አለ። አድረስ ሳኒታይዘርም እዚያው ላይ አስቁሞ የ26 ባይት ጽሑፍ ነው አለኝ። ታዲያ ደብረ ማርቆስን ለምን ዝም አሉ?

ጣና ዳር

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እኔም መልሱን እጠብቃለሁ።

ሰከላ

288 ምን እንደሆነ አስተውለሻል? 12 ጊዜ 24 ነው፤ ከማሎክ የወሰድሽው ቦታ በሙሉ። ሁለቱም መሣሪያዎች የሚጠብቁት የዚህን ጥቅል ዳር ዳር ነው። አድረስ ሳኒታይዘር በጥቅሉ ፊትና ኋላ የተከለከለ መሬት ያኖራል፤ ቫልግሪንድ የትኛው ባይት እንደተሰጠና እንዳልተሰጠ ይመዘግባል። የደብረ ማርቆስ ሦስት ባይቶች ከስሙ ወጡ እንጂ ከጥቅሉ አልወጡም፤ የገቡበት ኩንታልም የአንቺው የተሰጠ ቦታ ነው። ከውጭ ለሚጠብቅ ዘበኛ፣ ወንድማማቾች በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ የሌላውን ጓሮ ቢያርስ አይታየውም። መርጡለ ማርያም ግን በመጨረሻው ተራ ላይ ስለሆነች ሁለት ባይቶቿ ከግቢው ወጡ፤ ያን ጊዜ ተያዘች። ያለ መሣሪያ ስታስኬጂው ያልተቋረጠውም ማሎክ ከተጠየቀው ላይ ትንሽ ከፍ አድርጎ ስለሚሰጥ ነው፤ ሁለቱ ባይቶች በትርፉ ላይ አረፉ።

ስለዚህ የመሣሪያ ዝምታ ንጽሕና ማረጋገጫ አይሁንሽ። በስትራክት ውስጥ ላለው ድንበር ሌላ ጠባቂ አለ። ፎርቲፋይ ሶርስ የሚባለውን በደረጃ 2 አብርተሽ ኮዱን ከሚያፈጥነው ምልክት ከ«ሰረዝ ኦ2» ጋር ኮምፓይል አድርጊ፤ ኮምፓይለሩ የመድረሻው አባል 20 ባይት መሆኑን ስለሚያውቅ ስትርኮፒውን በሚመረምር ሌላ ቅጂ ይተካዋል። በኡቡንቱ ላይ ከ«ሰረዝ ኦ2» ጋር አብሮ ይበራል።

አንድ ተጨማሪ መንገድ፦ ፕሮግራም እያስቆሙ በሚመረምሩበት በጂዲቢ ውስጥ ገብተሽ የአምስተኛው መዝገብ ኩንታል ላይ ዎች አድርጊበት። ዎች ማለት «ይህን ቦታ ማንም ሲለውጠው አስቁምልኝ» ማለት ነው። ኮዱን በዓይን ከማንበብ ይልቅ ወንጀለኛው ሲነካው እጁን መያዝ ነው።

የጮቄ ልጅ

ሁለቱም ሠሩ። በ«ሰረዝ ኦ2» ፕሮግራሙ ደብረ ማርቆስ ላይ ሲደርስ የበፈር መትረፍረፍ ተገኝቷል ብሎ ራሱን አቋረጠ። ጂዲቢ ደግሞ የቀድሞው ዋጋ 812፣ አዲሱ 46472 ብሎ ስትርኮፒ ውስጥ ቆመ፤ «አፕ» ስለው ወደ እኔው መስመር አመጣኝ። ሁለት ሌሊት ያፈጠጥኩበት መስመር ነው። ቁጥሩን የሚነካ ስለማይመስል ሁልጊዜ አልፈው ነበር።

አሁን ላስተካክለው ነው። ስትርኮፒን በስትርንኮፒ ቀይሬ 20 ብለው ይበቃል?

ሰከላ

አይበቃም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ስትርንኮፒ ሃያ ባይት ከሞላ መጨረሻው ላይ ዜሮ አያኖርም። የ«ስ»ን የመጀመሪያ ባይት 225ን በ19ኛው ላይ አስቀምጦ ያቆማል፤ አታሚው እንደገና ወደ ኩንታሉ ያልፋል፤ ያቺ ኮማ ትመለሳለች። ኤስኤንፕሪንትኤፍ ዜሮውን ሁልጊዜ ስለሚያኖር ከእሱ ይሻላል፤ እሱም ግን ቆርጦ ነው የሚያስቀምጠው። ደብረ ማርቆስ «ደብረ ማርቆ»፣ መርጡለ ማርያም «መርጡለ ማር» ሆነው ይቀራሉ። እነዚህ ሁለቱ በአጋጣሚ በፊደል ድንበር ላይ ተቆርጠዋል፤ ሌላ ስም ፊደሉ መካከል ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። መቁረጥ ግድ ከሆነብሽ፣ ከ128 እስከ 191 ያለ ባይት የፊደል ቅጥያ እንጂ መጀመሪያ አይደለምና፣ ተቆርጦ የሚጣለው ክፍል የመጀመሪያ ባይት እንዲህ ያለ ቅጥያ እስከማይሆን ድረስ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ቁረጪ።

የእኔ ምርጫ ግን ስም አለመቁረጥ ነው። የሰው አገር ስም ነውና ሙሉውን ይያዝ። በስንት ፊደል እንደሚወሰን ወስኚ፤ በሦስት አባዢ፤ ለዜሮው አንድ ጨምሪ፤ ለሃያ ፊደል 61 ይሆናል፤ 64 ብትዪው ጥሩ ነው። ከመገልበጥሽ በፊት በስትርሌን ለኪው፤ ስትርሌን የሚቆጥረው ባይት ነው፤ ለደብረ ማርቆስ 22 ይልሻል። ከቦታው ከበለጠ ተቀባዩን መልሰሽ ጠይቂው።

ይህ ጥንቃቄ ለመማሪያ ክፍል ብቻ የሚባል አይደለም። በ1988 እ.ኤ.አ. ኢንተርኔትን ያናወጠው የሞሪስ ትል (ራሱን እያባዛ የሚሰራጭ ፕሮግራም) ከገባባቸው በሮች አንዱ ስፋት ሳይጠይቅ የሚያነብ ጌትስ የተባለ ፈንክሽን ነበር፤ ፈንክሽኑ ከቋንቋው ደረጃ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። አንቺ ኤፍጌትስን መጠቀምሽ መልካም ነው፤ ያጠፋሽው በሩን ከዘጋሽ በኋላ በጓዳው ስትርኮፒ ስላስገባሽ ነው።

የጮቄ ልጅ

64 አደረግሁት፤ ልኬቱንም ጨመርኩ። ከተሞቹ ወደ 30 ስለሚደርሱም ቦታው ሲሞላ በሪአሎክ እንዲሰፋ አደረግሁ። ነገር ግን ብዙ ኩንታል ያስገባውን ከተማ የሚጠቁም «ትልቁ» የሚባል ፖይንተር አለኝ፤ ከሰፋ በኋላ በእሱ ሳትም አድረስ ሳኒታይዘር ከተለቀቀ በኋላ የተነካ ሜሞሪ ነው ብሎ ያስቆመኛል። እኔ ፍሪ (ሜሞሪውን ልቀቅ) ብዬ አላውቅም።

ጣና ዳር

ይህን እኔ ልመልስ፤ በሥራ ላይ ደጋግሞ ገጥሞኛል። ሪአሎክ ባለበት ቦታ ለመስፋት ካልቻለ ሌላ ሰፊ ቦታ ይወስዳል፤ የነበረውን እዚያ ይገለብጣል፤ አሮጌውን ራሱ ይለቃል። «ትልቁ» አሁንም የሚጠቁመው አሮጌውን ነው፤ ቤተሰቡ ለቅቆ በሄደበት ቤት ደጅ ላይ ቆሞ እንደሚጣራ ሰው። ያለ መሣሪያ ብታስኬጂው አሮጌው ቦታ ገና ስላልተጻፈበት ትክክለኛ መልስ ሊሰጥሽ ይችላል፤ ሌላ ማሎክ ሲወስደው ግን ይበላሻል። አድራሻውን ትተሽ የተራ ቁጥሩን ያዢ። ተራ ቁጥር አሬዩ ወዴትም ቢዛወር አብሮት ይሄዳል። የሪአሎክንም ውጤት በቀጥታ በአሮጌው ፖይንተር ላይ አትጻፊ፤ ቦታ አጥቶ ነል (ባዶ አድራሻ) ከመለሰ ያለሽን ሁሉ ታጫለሽ።

የጮቄ ልጅ

«ትልቁ»ን በተራ ቁጥር ተካሁት፤ ሪአሎክንም በጊዜያዊ ፖይንተር ተቀብዬ ነል አለመሆኑን ካየሁ በኋላ ነው የምተካው። ትናንት ማታ አባቴ መዝገቡን እያነበበልኝ አሥራ ሁለቱንም ከተሞች አስገባን። ደብረ ማርቆስ 812 አለ። መርጡለ ማርያም ስሟ ሙሉ ሆኖ ወጣ። ድምሩን አባቴ በወረቀት ከደመረው ጋር አስተያየነው፤ በአንድ ኩንታል ይለያያል። አባቴ እንደገና ሲደምር የራሱን አንድ አገኘ።